ለኮልታፋው ሙሴ አሮን ተሰጠው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል፦ «ስንት መጣለት?» ነጥቡ ከመጣ «እግዚአብሔር ረዳው» ይባላል፤ ካልመጣ «ለእሱ ያሰበለት ሌላ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም አባባሎች በእምነት የተሞሉ ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ለሚያያቸው ግን ሁለቱም የፈተና ወረቀቱን የሰማይ ፍርድ ያደርጉታል። ይህ የሚሆነው ደግሞ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ አማኝ በሆነበት፣ ሰው የሚጸድቀው በሥራው ሳይሆን በጸጋ ነው ተብሎ በየእሑዱ በሚሰበክበት አካባቢ ነው። በጸጋ አምኖ ልጁን በነጥብ የሚመዝን ማኅበረሰብ ከራሱ ጋር ያልጨረሰው ክርክር አለበት። ክርክሩ ገሃድ የሚወጣው በጎበዙ ልጅ ላይ አይደለም። ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ሐሳብ መሰብሰብ ከእኩዮቹ ይልቅ በሚከብደው፣ እየተንገዳገደ 12ኛ ክፍል በደረሰውና ውጤቱ መካከለኛ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለው ልጅ ላይ ነው። ለዚህ ልጅ የኮሌጅ በር እንዲከፈት ስንጠይቅ ምሕረት እየለመንን ነው ወይስ ፍትሕ እየጠየቅን? ፍትሕ ነው ባይ ነኝ። ይህን ለማለትም የማለፊያ ነጥቡ ይውረድ ማለት አያስፈልገኝም።

መጀመሪያ ነጥቡ ራሱ ምን እንደሚናገር እንይ። ኩረጃን ለመግታት ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ነጥቡ የእግዚአብሔር ፈቃድ መለኪያ ነው የሚል ሰው፣ ፈቃዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ የጨመረበትን ምክንያት ሊነግረን ይገባል። በ2015 ዓ.ም አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ባዶውን ሲቀር «ልጆቹ አይችሉም» ብሎ መደምደም ዓይንን ጨፍኖ መናገር ነው። ነጥቡ ስለ ልጁ የሚናገረውን ያህል ስለ መምህሩ፣ ስለ መጽሐፉ፣ በክፍሉ ስለታጨቀው የተማሪ ብዛትና ስለ ቋንቋው ይናገራል። ስለዚህ 50 በመቶ የሚለው መስመር ጥቂት ቦታን ለብዙ ፈላጊ ማከፋፈያ ነው። ማከፋፈያ መኖሩ በራሱ ነውር የለውም፤ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ተማሪ መፈለጉም ትክክል ነው። ነውሩ የሚመጣው ማከፋፈያው ለካሁት የሚለውን ነገር ሳይለካ ሲቀርና ውጤቱ የሰው ልክ ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

ሆሳዕና ይህን ለመረዳት ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል ነበራት። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት ለተሳናቸው ልጆች በ1970ዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤት የከፈተችው እዚህ ነው። አንድ መስማት የተሳነው ልጅ በተራ ክፍል ቢቀመጥ፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ፊቱን አዙሮ ቢያስረዳ፣ ልጁ ዜሮ ያመጣል። ያ ዜሮ የአእምሮው አይደለም። ያው ልጅ በምልክት ቋንቋ ሲማር ሒሳቡን ይሠራል፣ ታሪኩን ያጠናል። ይህን ያየ ከተማ «ውጤቱ ዝቅተኛ ነው» እና «ልጁ ዝቅተኛ ነው» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማምታታት አልነበረበትም። ሆኖም መስማትና ማየት አለመቻል ለሌላው ሰው ዓይን ይታያሉ። በዩኒቨርሲቲ ምደባ ጊዜ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ተፈታኞች ለብቻ የሚታዩትም ችግራቸው ስለሚታወቅ ነው። የማይታየው ጉዳት ነው ያለ ጠበቃ የቀረው፤ ዓይኑ እያየ፣ ጆሮው እየሰማ ፊደል እንደ ሌላው የማይታዘዝለት ልጅ። ሐኪሞች ዲስሌክሲያ የሚሉትን ይህን ችግር በዝርዝር ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ እንግሊዛዊው ዶክተር ፕሪንግል ሞርጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ያቀረበው ታካሚ የ14 ዓመት ብሩህ ልጅ ነበር፤ በጨዋታ ከእኩዮቹ አያንስም፣ ስሙን እንኳ ግን አስተካክሎ መጻፍ ያቅተው ነበር። መምህሩ የሰጡት ምስክርነት ዛሬም ያስደንቃል፦ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ በሆነ ነበር ብለዋል። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አለፈ። በእኛ ሰፈር ይህ ልጅ አሁንም መጠሪያው «ሰነፍ» ነው።

የእኛ አካባቢ ልጅ ሸክም ደግሞ ከዚያ እንግሊዛዊ ልጅ ይከብዳል። አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚጀምረው በላቲን ፊደል በሚጻፈው ሀዲይሳ ወይም ከምባቲሳ ነው። አማርኛ የግዕዝን ፊደል ይዞ ይከተላል። እንግሊዝኛ ያንኑ የላቲን ፊደል ድምፁን ለውጦ ያመጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ኤክስ የተባለችው ፊደል «ጥ»ን፣ ሲ «ጭ»ን፣ ኪው «ቅ»ን ትወክላለች። «ጡማ» ብሎ ሰላም ለማለት ደብተሩ ላይ በኤክስ የጀመረ ልጅ ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛ መምህር ሲገባ ያቺው ኤክስ ሌላ ድምፅ አውጪ ይባላል፤ ሲም አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» ትሆንበታለች። በሀዲይሳ ድምፅ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል። በአማርኛ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው በጽሑፍ አይለይም፤ «አለ» የሚለው ቃል የመኖርና የመናገር መሆኑን አንባቢው ከዐውዱ ይገምታል። ድምፅንና ፊደልን በቀላሉ ለሚያገናኝ ልጅ ይህ ሁሉ ሀብት ነው፤ ሦስት ቋንቋ በሁለት ዓይነት ፊደል ያነባል። ማገናኘቱ ለሚያዳግተው ልጅ ግን በየክፍለ ጊዜው ከዜሮ የሚጀመር ሥራ ነው። ይህ ልጅ ወደ ላይኛው ክፍል ሲወጣ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ ማትሪክ የሚባለው የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው። ፈተናው በወረቀት ሲሆን ጥያቄው በአንድ ወረቀት፣ መልሱ በሌላ ወረቀት ነው። ዓይኑ ከመስመር መስመር የሚዘልበት ተፈታኝ 37ኛውን ጥያቄ ሳያውቀው አልፎ የ38ኛውን መልስ በ37 ቦታ ቢያጠቁር፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ሁሉ ስሕተት ሆኖ ይታረማል። ማሽኑ የሚያየው የጠቆረውን ክብ ነው። ታዲያ በዚያ ወረቀት ላይ የተለካው ፊዚክስ ነው ወይስ መስመር መጠበቅ?

እዚህ ላይ አካባቢው በቃሉ የሚያውቀውን ታሪክ ማንሳት ይገባል። በኦሪት ዘጸአት 4ኛ ምዕራፍ ሙሴ ወደ ፈርዖን እንዲሄድ ሲታዘዝ አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ ያመለክታል። የተሰጠውን መልስ ልብ ብሎ ማየት ያሻል። እግዚአብሔር «አይደለህም» አላለውም፤ ችግሩ የለም ተብሎ አልተካደም። ምላሱ እንደተፈታ የሚናገር ቃልም እዚያ የለም። «እንግዲያው ተወው፣ በግ ጠብቅ» ተብሎ ከሥራው አልተሰናበተም፤ ከፈርዖን የሚቀልል ንጉሥም አልተፈለገለትም። የተሰጠው አሮን ነው። ተልእኮው እንዳለ ጸና፣ የሚፈጸምበት መንገድ ተለወጠ። የሆሳዕናና የአካባቢው ሙስሊሞችም ይህን ነገር ያውቁታል፤ በቁርኣን ሱረቱ ጣሃ ሙሳ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታና ወንድሙ ሃሩን ረዳት እንዲሆነው ይለምናል፤ ልመናውም ይሰማል። የዛሬ የትምህርት ሊቃውንት ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚሉት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ጥያቄው ያው ሆኖ ተጨማሪ ጊዜ፣ ጥያቄውን የሚያነብ ሰው፣ መልሱን የሚያጠቁር ጸሐፊ፣ ጸጥ ያለ ክፍል። መጽሐፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ሊያርመኝ ይችላል፦ አሮን የተሰጠው እኮ በቍጣ ነው! እውነት ነው፤ ቍጣው ግን ሙሴ «ሌላ ሰው ላክ» ካለ በኋላ የመጣ ነው። የነደደው ላለመሄዱ እንጂ ለኮልታፋነቱ አይደለም። በቍጣው መካከልም ረዳቱ አልተከለከለም። አሮን በኋላ የወርቅ ጥጃ መሥራቱንም አልረሳሁም፤ ረዳት ሁሉ እንከን የለሽ አይደለም። ቢሆንም ሙሴ ብቻውን መሄድ ነበረበት፣ በአሮን አፍ የተነገረው አይቈጠርለትም ያለ ሰባኪ የለም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጥራት ነው። በተጨማሪ ሰዓት የተፈተነ ልጅ ነገ ሐኪም ሲሆን በሽተኛ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል ወይ? ይባላል። ተቃውሞው ዋዛ አይደለም። ኩረጃ አገር ባጠፋበት ማግስት ጥብቅነትን የሚወድ ሰው ላይ መፍረድም አይገባም። መልሱ ያለው ግን እያንዳንዱ ፈተና የሚለካውን ለይቶ በመጥራት ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናው አንብቦ መረዳትን ሊለካ ከሆነ ምንባቡን ሌላ ሰው ቢያነብለት ፈተናው ይፈርሳል፤ በዚያ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ፤ እዚያ ሊሰጠው የሚገባው ጊዜ ነው። የኬሚስትሪ ፈተና ግን ኬሚስትሪን ነው የሚለካው። ጥያቄውን በጆሮው ሰምቶ በትክክል የመለሰ ልጅ ኬሚስትሪ ያውቃል፤ አንብቦ ካልመለስክ አታውቅም ማለት ፈተናውን ማጥበቅ ሳይሆን ማበላሸት ነው። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል ላይ የሚያነሳው ነጥብ እዚህ ይገባል፦ ሕግ የሚናገረው ስለ ብዙኃኑ ስለሆነ ያላሰበው ጉዳይ ሲመጣ ማቃናት ያስፈልገዋል፤ ማቃናቱም ከፍትሕ መውጣት ሳይሆን የበለጠው ፍትሕ ነው። የራሳችንም ልማድ ይህን ይመሰክራል። የቅኔና የዜማ ጉባኤ ቤት ትምህርቱ በቃል ስለነበር ዓይነ ስውሩ ተማሪ መሪጌታ ሆኖ ወንበር ይዘረጋ ነበር፤ ዜማው ቀለለለት ያለ የለም። በሀዲያና በከምባታ ሴራ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ሸንጎም ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ የሚለየው በአንደበቱና በፍርዱ ነው። ሐኪሙን በተመለከተ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዓመታት ይማራል፣ በየኮርሱ ይፈተናል፣ ሲጨርስም የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። በር ላይ መስመር ስለዘለለ ብቻ የቀረውን ልጅ ግን መቼም ልናውቀው አንችልም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ወገን ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም ተቀብላ አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ከፍተኛ ትምህርትን ጭምር ይመለከታል። ከዚያ በፊት የወጣው የ2001 ዓ.ም የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሊደረጉ ከሚገባቸው ድጋፎች መካከል የፈተና ሰዓት ማራዘምን ጠቅሶ ነበር። ገና በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አካል ጉዳተኞችም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ አስቦ ነበር። ወረቀቱ አልጎደለም። የጎደለው ችግሩን ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሳለ አይቶ የሚመዘግብ ሰው ነው። 12ኛ ክፍል ደርሶ ያለ አንዳች ማስረጃ «ማንበብ ይከብደኛል» የሚል ተማሪ፣ በፈተናው ሰሞን ሰበብ የፈለገ ይመስላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የሚመጣውም ከገጠር ነው። «በጊምቢቹ ወይም በአንጋጫ ገጠር ያለው ልጅ ሁሉ እኮ የተጎዳ ነው፤ መጽሐፍ ለሦስት ይካፈላል፣ በኩራዝ ያጠናል፣ ከትምህርት በፊት ከብት ያግዳል፣ እንሰት ሲፋቅ ያግዛል። እሱ ያለ ተጨማሪ ሰዓት እየተፈተነ ስም የወጣለት ችግር ያለበት ብቻ ለምን ይታያል? የዲስሌክሲያ ምርመራ የሚያገኘውስ ባለገንዘቡ የከተማ ልጅ አይደለም ወይ?» ይህ ጥያቄ እውነት አለው፤ በሀብታም አገሮችም ማስረጃ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ወላጅ ነው የሚል ወቀሳ አለ። ሌላ ችግርም ይጨመርበታል። በ2002 ዓ.ም በአገራችን በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሲሶው ክፍል በማያነብበት አገር በተፈጥሮው የከበደውን ልጅ ካልተማረው በምን ትለየዋለህ? መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ መለየት የማይቻል አይደለም። ያልተማረው ልጅ በደንብ ሲያስተምሩት በወራት ውስጥ ይቀየራል፤ በተፈጥሮው የከበደው እየተማረም ይጎተታል። በቃል ሲጠይቁት ጥርት አድርጎ የሚመልስ፣ በጽሑፍ ሲሆን የሚጠፋበት፣ የገበያ ሒሳብ በአእምሮው የሚያወራርድ፣ በሰሌዳ የተጻፈው የቃላት ሒሳብ ላይ የሚቆም ልጅ ካለ፣ ይህን ለማስተዋል ማሽን አያስፈልግም፤ ልጁን ዓመቱን ሙሉ የሚያይ መምህር ይበቃል። ምርመራው በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በመምህር እጅ ከሆነ የባለገንዘብ ዕቃ መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ለእነዚህ ልጆች የሚበጀው የንባብ አስተማመር፣ ድምፅንና ፊደልን ደረጃ በደረጃ፣ በድግግሞሽ የሚያገናኘው፣ ለገጠሩም ልጅ የሚበጀው ነው። ሁለቱን ማፎካከር ያመጣነው እኛ ነን። የአንዱ በደል እስኪጠገን የሌላው ይቆይ የሚል ፍትሕ ደግሞ በተግባር የሁለቱንም ያቆያል። የገጠሩ ልጅ በደል መፍትሔው መጽሐፍና መምህር ነው፤ የዚህኛው ሰዓትና አንባቢ ነው። በደሉ ቢመሳሰልም መድኃኒቱ ይለያያል።

ማጭበርበር ይመጣል የሚሉም አሉ። ይመጣል። ሰዓት በተፈቀደበት ሁሉ የሐሰት ወረቀት ይዞ የሚመጣ አይታጣም። መከላከያው ማስረጃው በ12ኛ ክፍል መዳረሻ የሚጻፍ ሳይሆን ከታች ክፍል ጀምሮ በተማሪው ፋይል የሚከማች መሆኑ ነው፤ የስድስት ዓመት የክፍል መዝገብ በአንድ ሌሊት አይፈበረክም።

የዕጣ ፈንታው ክርክር ግን ከነዚህ ሁሉ ሥር የሰደደ ነው። «እግዚአብሔር እንዲህ ፈጠረው፣ እንጸልይለት» የሚሉ አሉ፤ አንዳንዱ ሹክ ብሎ የወላጆቹን ኃጢአት ይፈልጋል። ይህን ሁለተኛውን የዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ዘግቶታል፤ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት እንደሠራ ሲጠይቁ የተመለሰላቸው እሱም ወላጆቹም አይደሉም የሚል ነው። ጸሎቱን አልቃወምም። ዓይኑ የደከመ ሰው ተጸልዮለት መነጽር ሲያደርግ እምነት ጎደለው አንልም፤ የንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በነበሩት በሀዲያዋ ንግሥት እሌኒ ስም በተሰየመው የሆሳዕና ሆስፒታልም በሽተኛው ጸልዮ ነው መድኃኒቱን የሚውጠው። የንባብ ችግር ሲሆን ብቻ ጸሎት መድኃኒቱን የሚተካው ለምንድን ነው? የፈቃደ እግዚአብሔር ንግግር በዚህ አካባቢ ያስከተለውንም ሁሉም ያውቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደቡብ በር ይከፈታል የሚል ትንቢት መነገሩንና ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሣ መለኮታዊ ድጋፍ አድርጎ መውሰዱን ስለ ሀዲያ ስደት ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። በዚያ መንገድ የቀናቸው አሉ፤ የሆሳዕናን ፎቅና ሱቅ ያቆመው አንዱ ገንዘብ ከዚያ የመጣ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን መጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የተገኙት 64 ሰዎችም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ማትሪክ የወደቀ ልጅ «በዚህ በኩል ተዘጋ፣ በዚያ በኩል ተከፈተ» ሲል የመጀመሪያውን በር የዘጋው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። እግዚአብሔር ነው ከተባለ ለመጠየቅም ያስፈራል። የዘጋው ግን ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው አለመኖሩ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ቸልታን በፈጣሪ ስም መመዝገብ ደግሞ በየትኛውም ሃይማኖት ድፍረት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎለት ልጁ 43 በመቶ ቢያመጣስ? ይህን ጥያቄ የልጆች ተሟጋቾች ይሸሹታል፤ እኔ መሸሽ አልፈልግም። ሰዓትና አንባቢ ተሰጥቶት መካከለኛ የሆነ ልጅ በእርግጥም መካከለኛ ነው፤ እንደ ሌላውም መካከለኛ መሆን መብቱ ነው። በየጉባኤው የሚሰበከው የማቴዎስ 25 የመክሊት ምሳሌ አምስትና ሁለት መክሊት ስለተሰጣቸው ሁለት አገልጋዮች የሚለውን ብዙ ሰው ያልፈዋል። አምስቱን አሥር ያደረገውና ሁለቱን አራት ያደረገው ከጌታቸው የተቀበሉት የምስጋና ቃል አንድ ነው፤ ለባለ ሁለቱ ቃሉ አላጠረም። የተወቀሰው ሦስተኛውም አንድ ብቻ ስለተሰጠው አልነበረም፤ ስለቀበረው ነው። እኛ ጋ ግን ቀባሪው ብዙ ጊዜ ልጁ አይደለም፤ መለኪያውን የያዘው ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ሲያዘጋጅ ዓላማው የተለየ እገዛ የሚሹ ልጆችን ለይቶ ለመርዳት ነበር፤ የልጅ አእምሮ ከተወለደበት አይጨምርም የሚሉትንም ተቃውሟል። ለመርዳት የተሠራ መለኪያ ለማባረሪያ መዋሉ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም።

ባለ 43 ልጅ ያሉት በሮች ብዙ ባይሆኑም አሉ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ከማለፊያው ጥቂት ዝቅ ያሉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተምረው እንደገና የሚፈተኑበት የሪሚዲያል ፕሮግራም አለ። በሆሳዕና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አሉ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆሳዕና ካለው ዋና ግቢው ሌላ በዱራሜ ካምፓስ አለው። ፖሊ ቴክኒክን የወደቁ ልጆች መጠራቀሚያ አድርጎ የሚያይ ወላጅ የልጁን ዕድል በገዛ አፉ ግማሽ ያደርገዋል፤ ከብዕር ይልቅ መሣሪያ የሚታዘዝለት ልጅ በብየዳ ወይም በኤሌክትሪክ ሥራ ጎበዝ ሲሆን ማየት ብርቅ አይደለም። ለሁሉም ችግረኛ ተማሪ መዳረሻው ሙያ ነው ብሎ አስቀድሞ መወሰን ግን ሌላ ዓይነት መቅበር ነው። ፊደል የሚያስቸግረው ልጅ ሕግ ወይም ሒሳብ ሊያጠና የሚችል ሊሆን ይችላል፤ የሚታወቀው በትክክል ሲፈተን ነው። ሪሚዲያሉም፣ የኮሌጆቹ የመግቢያ ፈተናም፣ የመውጫ ፈተናውም የሰዓትና የአንባቢ ጥያቄን ይዘው ይከተሉታል፤ በማትሪክ ብቻ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቃቸው ሦስት ወገኖች አሉ። የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ለአንደኛ ደረጃ የምታሠለጥኑት እያንዳንዱ መምህር የንባብ ችግር ምልክቶችን በሀዲይሳና በከምባቲሳ ለይቶ በተማሪው ፋይል መመዝገብ ሳይችል አታስመርቁት። ትምህርት ሚኒስቴር፣ ይህ መዝገብ ያለው ተፈታኝ እንደ ዓይነ ስውሩ ሁሉ ሰዓትና ረዳት የሚጠይቅበት መንገድ በግልጽ ይጻፍ፤ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊትም ለየትምህርት ቤቱ ይነገር። በየአጥቢያው ያላችሁ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ደግሞ፣ ለማትሪክ ተፈታኞች በምትጸልዩበት እሑድ ጥያቄ የሚያነቡና መልስ የሚያጠቁሩ በጎ ፈቃደኞችን ስም መዝግባችሁ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላኩ፤ ኮሌጅ የጨረሱ ወጣቶች በየመዘምራኑ ውስጥ ሞልተዋል።